ትንሽ አኳሪየም በደሴ ብርድ፦ ዓሣና ተክል እንዴት ይመረጣል?

የመጀመሪያው አኳሪየሜ ክብ ብርጭቆ ነበር። ቢበዛ ስድስት ሊትር ይይዛል። ሁለት ጎልድፊሽ ከአዲስ አበባ አመጣሁና ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለቱም በጀርባቸው ተንሳፈፉ። ጎረቤታችን እትየ ቡና ሊጠጡ መጥተው አዩና «ድሮስ ዓሣ ከሐይቅ ወጥቶ ጠርሙስ ውስጥ ይኖራል እንዴ?» አሉኝ።

በግማሹ ልክ ነበሩ። ዓሣ ጠርሙስ ውስጥ አይኖርም። ሃያና ሠላሳ ሊትር ውስጥ ግን ሸጋ አድርጎ ይኖራል። ችግሩ ሁላችንም ከዓሣው ቀለም መጀመራችን ነው። መጀመር ያለብን ከቤታችን ብርድ ነው። ዓሣው የመጨረሻው ግዢ ነው። የምነግራችሁም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

1. መጀመሪያ ቤቱን ለኩ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ቴርሞሜትር ግዙ። አንድ ባልዲ ውሃ ሙሉና አኳሪየሙን ልታስቀምጡ ያሰባችሁበት ቦታ ላይ አኑሩት። ለአንድ ሳምንት ጠዋት 12 ሰዓት ላይና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ የውሃውን ሙቀት ጻፉ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ብታደርጉት ይመረጣል፤ ብርዱ እውነተኛ ፊቱን የሚያሳየው ያኔ ነው። በክረምት ለክታችሁ ከሆነ፣ ለበጋው ሌሊት ጥቂት ዲግሪ ቀንሱለት።

ከሁለቱ ቁጥሮች የሚጠቅማችሁ የጠዋቱ ነው። ከ22 ዲግሪ በላይ ከሆነ እንደ ከሚሴ ያለ ቆላማ ቦታ ናችሁ ማለት ነው፤ የውሃ ማሞቂያ ሳትገዙ ብዙ ዓይነት ዓሣ ማኖር ትችላላችሁ። ከ16 እስከ 21 ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የሚወዱ ዓሦች አሉላችሁ፤ ኮምቦልቻ ብዙ ቤት እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ከ15 በታች ከሆነ ወይ ማሞቂያ፣ ወይ ተክልና ቀንድ አውጣ ብቻ። የእኔ ሳሎን በታኅሣሥ 13 ዲግሪ ወርዶ አይቻለሁ። ጦሳ ተራራ ሥር መኖር ዋጋ አለው።

ሌላው ነገር የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ነው። መስኮት አጠገብ ቀን በፀሐይ ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል። ትንሽ ውሃ ደግሞ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። ልዩነቱ ከአራት ዲግሪ በላይ ከሆነ ቦታ ቀይሩ። ከመስኮት ራቅ ያለ፣ ከወለል ከፍ ያለ የውስጥ ግድግዳ ጥሩ ነው።

2. ሌላ አገር የተጻፈ ምክር እዚህ ለምን ይሳሳታል?

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ለብዙ ዓሣ ሞት መልሱ ግን እዚህ ጋ አለ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ ደሴ ላይ 6 ገደማ ብቻ። ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ የበለጠ ይይዛል። ያው የደሴ ውሃ 18 ዲግሪ ቢሆን ወደ 7 ይጠጋል።

እንግዲህ «በዚህ ገንዳ አሥር ዓሣ ይበቃል» የሚለው ቪዲዮ የተሠራው ለሌላ ከፍታ ነው። እኔ ደሴ ላይ ሁልጊዜ ከሦስት አንዱን እቀንሳለሁ። አሥር ካሉ ስድስት ወይም ሰባት። ሁለተኛ፣ የአየር ፓምፕና የስፖንጅ ፊልተር (ውሃውን በስፖንጅ አሳልፎ የሚያጣራው) እዚህ ጌጥ አይደሉም፤ ግዴታ ናቸው። ሦስተኛ፣ ተክል ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን እሱም ይተነፍሳል፤ ይወስዳል ማለት ነው። በጣም በተጨናነቀ ገንዳ ዓሦቹ ጠዋት ላይ ከንፈራቸውን ወደ ውሃው ፊት አውጥተው ካያችኋቸው ርቧቸው አይደለም። አየር ነው ያጡት። ምግብ አትጨምሩላቸው፤ አየር ጨምሩላቸው።

3. ገንዳው

ርዝመት በስፋት በቁመት በሴንቲሜትር አባዙና ለ1,000 አካፍሉ፤ ሊትሩን ታገኛላችሁ። 40 በ25 በ25 የሆነ ገንዳ 25 ሊትር ነው። ጠጠርና ድንጋይ ሲገባበት፣ ከላይም ትንሽ ሲጎድል የቀረው እውነተኛ ውሃ 20 ሊትር ነው። ዓሣ የሚቆጠረው በዚህኛው ነው።

መስታወት ቤት ማሠራት ይቻላል። ሲሊከኑ ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት የሌለበት ይሁን፤ የመታጠቢያ ቤት ሲሊከን ብዙ ጊዜ አለበት። ከደረቀ በኋላ ለጥቂት ቀን ውሃ ሞልታችሁ ደፍታችሁ ሞክሩት። ክዳንም አሠሩ። ዓሣ ይዘላል፤ ክዳን ሙቀትም ይይዛል። 25 ሊትር ውሃ ብቻውን 25 ኪሎ ነው፤ ደካማ ጠረጴዛ አይችለውም።

ከ10 ሊትር በታች ዓሣ አታስገቡ። ተክልና ሽሪምፕ ይበቃዋል፤ ደግሞ እመኑኝ፣ ያምራል።

4. ውሃና ድንጋይ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። በባልዲ አፉን ከፍታችሁ አንድ ቀን ሙሉ አሳድሩት፤ የአየር ፓምፕ ብትጨምሩበት ይፈጥናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁልጊዜ አንድ ጀሪካን የአደረ ውሃ አዘጋጅታችሁ ያዙ። (ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር አለ፤ እዚያም ቢሆን ውሃ ይጠፋል።)

ውሃችሁ ከባድ ይሁን ቀላል ለማወቅ ማንቆርቆሪያውን ገልብጡና እዩት። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ከባድ ነው። ጋፒ የሚባለው ዓሣ እንዲህ ያለውን ውሃ ይወደዋል። ቅርፊት ከሌለው ለስላሳ ነው፤ ቤታ ለሚባለው ዓሣ ተስማሚ ነው።

ድንጋይ ከቦርከና ወንዝ ዳር ብታነሡም ችግር የለውም፤ ግን አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ተዉት። የአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ፈተናውን ያልፋል። ድንጋዩን ግን ውሃ ውስጥ አትቀቅሉት፤ ሊፈነዳ ይችላል። የፈላ ውሃ አፍስሱበትና በብሩሽ እሹት። ሳሙና ፈጽሞ አይነካው።

5. ተክል ከዓሣ ይቀድማል

ተክል ለጌጥ ብቻ አይደለም። የዓሣውን ቆሻሻ ይበላል። ትንሽ ገንዳ ውስጥ ያለ ተክል ዓሣ ማኖር ሽንት ቤት የሌለው ቤት መከራየት ነው።

ለጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫዬ ሆርንዎርት ነው። ሥር የለውም፤ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ብርድ ይችላል፤ 15 ዲግሪም አይገድለውም። በፍጥነት ያድጋል፤ ያ ማለት ቆሻሻ በፍጥነት ይበላል። መጥፎ ጎኑ፣ አዲስ ቦታ ሲገባ ቅጠሉን እንደ ጥድ መርፌ ያራግፋል። ሁለት ሳምንት ታገሡት።

ጃቫ ሞስ፣ ጃቫ ፈርንና አኑቢያስ ትንሽ ብርሃን ይበቃቸዋል። ሦስቱንም ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በጥጥ ክር እሰሯቸው። ፈርኑና አኑቢያሱ ወፍራም አግዳሚ ግንድ አላቸው። ያን ግንድ ጠጠር ውስጥ ከቀበራችሁት ይበሰብሳል። ስንቱን አኑቢያስ በዚህ ቀበርኩት! ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፤ በወር አንድ ቅጠል ካወጣ እልል በሉ።

ክሪፕቶኮሪን ጠጠር ውስጥ ይተከላል። ሲዛወር ቅጠሉ ሁሉ ይቀልጣል። «ሞተ» ብላችሁ አትንቀሉት፤ ከሥሩ ያቆጠቁጣል።

በየቤቱ ያለው መኒ ፕላንት ደግሞ ነፃ ፊልተር ነው። ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ ሥሩን ብቻ ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉን ከገንዳው ውጭ አድርጉ። በሁለትና ሦስት ሳምንት ሥር ይሰድዳል። ቅጠሉን ሕፃናት እንዳያኝኩት ብቻ ተጠንቀቁ፤ አፍ ያቃጥላል።

የየብስ ተክል «የውሃ ነው» ተብሎ ይሸጣል። ቅጠሉ ጠንካራና ሰም የተቀባ የሚመስል፣ ከውሃ ስታወጡት ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ ጠርጥሩ። እውነተኛ የውሃ ውስጥ ተክል ከውሃ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይተኛል። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው።

ከወንዝና ከሐይቅ ዳር ተክል ወይም ቀንድ አውጣ ነቅሎ ማምጣትን አልመክርም። በወሎ ብዙ ወንዞችና የመስኖ ቦዮች ብልሃርዝያ አለ። ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ከዚያ በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። በባዶ እግር ገብቶ ሞስ መፈለግ ለሃያ ሊትር ገንዳ ተብሎ የሚከፈል ዋጋ አይደለም። እምቦጭም «አበባው ያምራል» ብላችሁ እንዳትሞክሩ። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ጣናን ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ።

የገንዳው መብራት በቀን ለ6 ወይም ለ7 ሰዓታት ያህል ቢበራ ይበቃል። ቀጥታ ፀሐይ ከነካው በሳምንት ውስጥ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል።

6. ባዶውን ገንዳ ጠብቁ

እነዚያን ሁለት ጎልድፊሾች የገደላቸው ብርድ አልነበረም። ጎልድፊሽ ብርድ ይችላል። የራሳቸው ቆሻሻ ነው የገደላቸው።

ዓሣ አሞኒያ ያስወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። በፊልተሩ ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፤ ይህኛው በመጠኑ ከሆነ አይጎዳም፤ ተክሉም ይመገበዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በቀዝቃዛ ውሃ ይዘገያል፤ ማሞቂያ በሌለው የደሴ ቤት ሁለት ወር አስቡ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ገንዳውን ሙሉ፣ ተክሉን ትከሉ፣ ፊልተሩን አስነሡ። በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣሉበት፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። መለኪያ ካገኛችሁ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ እስኪሆን ጠብቁ። የምታውቁት ሰው ንጹሕና ጤነኛ አኳሪየም ካለው ግን ከስፖንጁ ላይ ጨምቅልኝ በሉት። ያ ጥቁር ጭማቂ ወርቅ ነው፤ ጊዜውን በጣም ያሳጥረዋል።

እንግዳ ሁሉ «ዓሣው የታለ?» ይላችኋል። ተደብቋል በሏቸው።

7. አሁን ዓሣ

ማሞቂያ ለሌለው ቀዝቃዛ ቤት፦ ዋይት ክላውድ። ከቻይና ተራራማ ጅረቶች የመጣ፣ ቢበዛ አራት ሴንቲሜትር የሚሆን ዓሣ ነው። ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል፤ ለጥቂት ጊዜ ከዚያ በታችም ይችላል። በቡድን ነው የሚኖረው። በ30 ሊትር ስድስት አድርጉ። የእኔ ሳሎን በሌሊት 13 ዲግሪ ሲወርድ አኳሪየሙን አልጋ ክፍል አዛውሬ ነው ያኖርኳቸው። ደሴ ላይ አንድ ዓሣ ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው። ችግሩ ሁልጊዜ አይገኝም፤ አዲስ አበባ ላይ አስቀድሞ ማስነገር ያስፈልጋል።

ለኮምቦልቻና ለዝቅተኛ ቦታዎች፦ ጋፒ። ጠንካራ ነው፤ ከባድ ውሃ ይወዳል፤ ከ22 ዲግሪ በላይ ይመቸዋል። ግን ወንድ ብቻ ግዙ። ወንዱ ትንሽና ባለቀለም ነው፤ ሴቷ ትልቅ፣ ግራጫና ሆደ ትልቅ ነች። ሴት ጋፒ በየወሩ ገደማ ትወልዳለች። አንዴ ከወንድ ጋር ከዋለች ዘሩን አስቀምጣ ለወራት ብቻዋን ትወልዳለች። «አንድ ብቻ ናት» ብላችሁ ገዝታችሁ በፋሲካ ሠላሳ ታገኛላችሁ። በ30 ሊትር አምስት ወንድ በቂ ነው።

ለአንድ ዓሣ ወዳጆች፦ ቤታ። ከውሃው ፊት አየር የሚስብበት ልዩ አካል ስላለው የኦክስጅን ማነሱ እንደ ሌሎቹ አያስጨንቀውም። በዚህ በኩል ለደጋ የተፈጠረ ይመስላል። ሙቀት ላይ ግን አይደራደርም፤ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ደሴ ላይ ማሞቂያ ግድ ነው። 20 ሊትር ገንዳ ከ13 ወደ 25 ዲግሪ ለማድረስ 50 ዋት ያዙ። ክዳኑም ይዘጋ፤ የሚስበው አየር መብረድ የለበትም። ብቻውን ይኑር። ሁለት ወንድ ከገባ አንዱ ይሞታል።

ሽሪምፕ፦ ቀዩ ቼሪ ሽሪምፕ ከ18 ዲግሪ ጀምሮ ይስማማዋል፤ 10 ሊትር ይበቃዋል። ሞስ ካለው ይራባል። መዳብ ያለበት መድኃኒት ይገድለዋል። ገንዳው ሁለት ወር ሳይሞላው አታስገቡት።

አትግዙ የምላቸውም አሉ። ጎልድፊሽ ሃያ ሴንቲሜትር ያድጋል። መስታወት ያጸዳል ተብሎ የሚሸጠው «ሰከር» ሠላሳና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ኤንጀልፊሽ ቁመት ይፈልጋል። ዜብራ ዳኒዮ ብርድ ይችላል፤ ግን ሯጭ ነው፤ ርዝመቱ 60 ሴንቲሜትር ያልሞላ ገንዳ እስር ቤቱ ነው። ልጆች ከሐይቅ በሃይላንድ የሚያመጡት የቆሮሶና የአምባዛ ጫጩትም ያው ነው። አምባዛ እኮ ከአንድ ሜትር በላይ ይደርሳል!

አንድ ገንዳ፣ አንድ ዓይነት ዓሣ። በትንሽ ውሃ ውስጥ ቅልቅል አይሆንም።

8. ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ

400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን ለዓሣ አራት አየር ነው። ደብረ ብርሃን ይበርዳል፣ ጣርማበር ይብሳል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ትጠበሳላችሁ፣ ኮምቦልቻን አልፋችሁ ደግሞ ወደ ብርዱ ትወጣላችሁ። ፌስታሉን ክዳን ባለው ፎም ሣጥን ውስጥ አድርጉና በጋቢ ጠቅልሉት። ከፌስታሉ ሲሶው ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛው አየር ይሁን። ሻጩን ከአንድ ቀን በፊት እንዳያበላቸው ለምኑት፤ የጠገበ ዓሣ ውሃውን ያቆሽሻል። መኪናው ለምሳ ሲቆም ሣጥኑን ፀሐይ ላይ አትተዉ። እኔ ከሚሴ ላይ ትቼ አምስት ጋፒ አጥቻለሁ።

ቤት ስትደርሱ መብራቱን አጥፉ። ፌስታሉን ሳትፈቱ ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ አንሳፍፉት። ከዚያ ፍቱትና በየአምስት ደቂቃው ግማሽ ኩባያ የገንዳ ውሃ ጨምሩበት፤ ከስድስት ሰባት ዙር በኋላ ዓሣውን በወንፊት አውጥታችሁ አስገቡ። የፌስታሉን ውሃ ደግሞ ድፉት። ሦስት ዓሣ አስገቡ፤ ሌላውን ከሁለት ሳምንት በኋላ።

9. መብራት ሲሄድ፣ ቡና ሲፈላ

መብራት ሲሄድ ሙቀቱ ከመውደቁ በፊት ገንዳውን በጋቢ ሸፍኑ። የፈላ ውሃ የሞላ የላስቲክ ጠርሙስ አታስገቡ፤ ለብ ያለ ውሃ ይዞ ቢንሳፈፍ ግን ይረዳል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካላችሁ አስነሡት። ከሌለ በየሰዓቱ በኩባያ ውሃ እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሳችሁ አፍስሱበት፤ አየር ይዞ ይገባል። ምግብ አትስጡ።

የአየር ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ውሃ ውስጥ ነው የሚጨምረው። ስለዚህ ረከቦቱንና የእጣን ማጨሻውን ከሥሩ አታድርጉ። የትንኝና የበረሮ መርጫ ሲረጭ ደግሞ ፓምፑን አጥፍታችሁ ገንዳውን ሸፍኑ፤ ለሽሪምፕ ያ ጭጋግ ሞት ነው። ለእንቁጣጣሽ ከተጎዘጎዘው ቄጤማም ገንዳውን ጠብቁት። የእኔ ልጅ «ዓሣዎቹም በዓል ይሁንላቸው» ብሎ ሙሉ እፍኝ ጨምሮበት ውሃው በሦስት ቀን ሸተተ።

ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ብቻ። የዓሣ ሆድ ከዓይኑ ብዙም አይበልጥም። በሳምንት አንድ ቀን ጹሙ በሏቸው። የእንጀራ ፍርፋሪ አይገባም።

በሳምንት አንዴ የውሃውን ሩብ በአደረ ውሃ ቀይሩ፤ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር እኩል ይሁን። ስፖንጁን በወር አንዴ ከገንዳው በወጣው ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ብቻ። በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል፤ እንደገና ከደረጃ ስድስት ትጀምራላችሁ።

ዓሣ ከተረፋችሁ ለሰው ስጡ። ቦርከና ወይም አርዲቦና ሐይቅ በሚባሉት ሐይቆቻችን ውስጥ አትጨምሩ። ቆሮሶ ራሱ ለሐይቅ እንግዳ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰው ነው አምጥቶ የጨመረው፤ አሁን ማንም ሊያወጣው አይችልም። የጋፒ ወረፋ የያዙ ጎረቤቶች አይጠፉም። እትየም ባለፈው አራት ወስደዋል፤ ማሞቂያውን ገዝቼ ነው የሰጠኋቸው። ከገንዳው የሚወጣውን ውሃ ደግሞ ጤና አዳማቸው ላይ ያፈስሱታል፤ ከእኔው ይልቅ የእሳቸው ጤና አዳም ለምልሟል።